«አይ» የማይወጣው ቢተው

ቢተው እንግዳ ፊት «አይ» ማለት አይሆንለትም። ብልባላ የሚያርሱት አባቱ፣ «እንግዳ ድንጋዩን ዳቦ ነው ካለ፣ ወጥ ላምጣልዎ ይባላል» እያሉ ነው ያሳደጉት። ይህ ጠባይ ለገበሬ ያምራል፤ በእንግዳ ማረፊያ ለተቀጠረ አስጎብኚ ግን ጠንቅ ነው። ባለፈው ወር አንዲት እንግዳ ቤተ ጊዮርጊስን አይታ «ከእንጨት ነው አይደል?» ብትለው፣ «ልክ ነዎት» አላት። የማረፊያው ባለቤት እትዬ ውባንቺ ጠሩት።

«ዳግመኛ ብትዋሽ ሌላ ደጅ ትጠናለህ።»

መሬት የለው፣ ከብት የለው፤ ያለው እንጀራ ይኸው ማረፊያ ነው።

የማረፊያው ስም «ሳማ» ነው። እትዬ ውባንቺ ቦታውን የሞላውን ሳማ መንጥረው ስለሠሩት እንጂ ሌላ ምስጢር የለበትም።

ሰኞ የመጡት ጃፓናዊት ወይዘሮ ሰሌዳውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ሳማ በእኛ ቋንቋ ከሰው ስም ኋላ የሚቀጠል የክብር ቃል ነው። እናንተም ዘንድ እንዲያው?»

«ልክ ነዎት» አለ ቢተው።

ማክሰኞ የመጡት ኢንዶኔዥያዊ ሐኪም ደግሞ፣ «እኛ ጋ ሳማ እኩል ማለት ነው። እንግዳውና ባለቤቱ እኩል፤ ግሩም ስም!» አሉ።

«ልክ ነዎት።»

ረቡዕ ቁርስ ላይ ሁለቱ ተገናኙና ክርክር ገጠሙ። ሁለቱም ምስክራቸው ቢተው ነው። እትዬ ውባንቺ የፉል ሳህን እንደያዙ በር ላይ ቆሙ።

«በል እንጂ ቢተው፤ እውነቱን ንገራቸው።»

ቢተው አፉን ከፈተ። «ተሳስታችኋል» ማለት ግን አልሆነለትም። «ኑ፣ ላሳያችሁ» አለና ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። አጥሩ ሥር ከምንጠራ የተረፈ ሳማ ለምልሟል።

«የቤቱ ስም ይኸው ነው።»

«እንዴት ለስላሳ ቅጠል ነው! ብዳስሰው ቅር ይልሃል?» ሐኪሙ እጃቸውን ዘረጉ።

ቢተው «አይንኩት» ቢል እንግዳ መቃረን ነው፤ ዝም ቢል እንግዳ ማቃጠል። ቀደማቸውና በባዶ እጁ ሙሉ ጭብጥ አድርጎ ያዘው።

መዳፉ ሲቀላና ሲያብጥ ሁለቱም የቃሉን ፍቺ ያለ መዝገበ ቃላት ተረዱ። ወይዘሮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ይዘኑ ይሳቁ አልታወቀም። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው መዳፉን አዩት።

«በጣም ያማል?»

«አይ» አለ ቢተው፣ እንባው እየወረደ።

ተከትለዋቸው የመጡት እትዬ ውባንቺ በረጅሙ ተነፈሱ። «ዕድሜህን ሙሉ አንዲት ‘አይ’ ወጣችህ፤ እሷም ውሸት። ሂድ እጅህን ታጠብ። ነገ አሸተን ማርያም ተራራ የምታወጣቸው እንግዶች አሉህ።»