የተዋሰችው ሳንባ

የራጁ ድንኳን የተተከለው ከኮረብታው ግርጌ፣ የሰፈሩ የኳስ ሜዳ ላይ ነው። ሳቱርኒና የአበልጇን ልጅ አቅፋ ከድንኳኑ ጀርባ ቆማለች። ሳሏ በመጣባት ቁጥር ድምፁ እንዳይሰማ አፏን በሕፃኗ ብርድ ልብስ ታፍናለች። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ የሕፃኗ እናት ኔሊዳ አለች፤ የገባችው በሳቱርኒና ስም ነው።

ነገሩን ያመጣው የሰፈሩ ሴቶች ለመንደሩ ሁሉ የሚያበስሉበት የጋራ ወጥ ቤት ነው። የወጥ ቤቱ አለቃ እትዬ ሌኦንሲያ፣ "ጭልፋ የምትይዝ ሁሉ ራጅ ትነሳ! ያልተነሳች ድስቴ አጠገብ እንዳላያት!" ብለው አወጁ። በሊማ ከተማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ቲቢ ያዘው የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሳቱርኒና አሳምራ ታውቃለች። ሳህኑ ይለያል፤ ጎረቤቱም ሰላምታውን ከሩቅ ያደርገዋል። እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ቀና ብላ የምትሄደው በዚያ ጭልፋ ነው። ለመንደር ሙሉ ሾርባ ጨው ሳትቀምስ የምታስተካክል ከእሷ ሌላ የለችም፤ ቢያንስ እሷ እንዲያ ታምናለች።

ስለዚህ ትናንት ኔሊዳ ቤት ሄደች።

"አበልጄ፣ አንቺ እንኳን አታስዪም።"

"ተመስገን ነው።"

"እንግዲያው በስሜ ግቢልኝ። ማስክ ታደርጊያለሽ፣ ኮፍያሽን ዝቅ ታደርጊያለሽ። ራጅ የሚያነሳው ልጅ እንደሆነ ከከተማ የመጣ ነው፣ ማንን ከማን ይለያል?"

"ኧረ ሳንባም እንደ ድስት ይዋሳል እንዴ?" ብላ ሳቀች ኔሊዳ። ግን እሺ አለች። ልጅሽን ክርስትና ያነሳች ሴት ለምናሽ እምቢ አይባልም፤ በዚያ ኮረብታ እምቢ ከማለት መዋሸት ይቀላል።

"አየር ይሳቡ... ይያዙት... ጨረስን" የሚል ድምፅ ከድንኳኑ ውስጥ ተሰማ። ዊልመር የሚባለው ባለሙያ ነው። ሳቱርኒናም ሳታውቀው ትንፋሿን ይዛ ነበርና ለቀቀችው። ኮምፒውተሩ ምስሉን ለማንበብ ጊዜ አይፈጅም። ከእነሱ በፊት ለገቡት ሁሉ ዊልመር ወዲያው "ደህና ነዎት፣ ይሂዱ" ሲል ነበር። አሁን ግን እንዲያ አላለም።

"ወይዘሮ ሳቱርኒና፣ እስኪ አንዴ ይቀመጡ።"

ሳቱርኒና ስሟን ስትሰማ ጆሮዋን ወደ ድንኳኑ ሸራ አስጠጋች።

"ይሄ ቀዩ ይታይዎታል? ቀኝ ሳንባዎ ላይ፣ ከላይ በኩል። ኮምፒውተሩ ቲቢ ሲጠረጥር እንዲህ ያቀላዋል። መጠርጠሩ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ እርግጡን አክታው ይነግረናል። እዚህች ዕቃ ውስጥ ይትፉልኝና ይመልሱልኝ።"

ኔሊዳ ትንሿን ዕቃ ይዛ ወጣች። ከማስኩ በላይ ዓይኖቿ ይስቃሉ።

"ሞኝ ማሽን! አንድ ቀን እንኳ ያላሳልኩትን ሴትዮ!" ብላ ዕቃውን ሰጠቻት። "እንቺ፣ ስሙ ያንቺ ነው፣ አክታውም ያንቺ ይሁን። በይ ልጄን አምጪ፣ መጥቢያዋ አልፏል።"

ሳቱርኒና ሕፃኗን አልሰጠቻትም። የራሷን አክታ ብትተፋ፣ ንጹሕ ከሆነ ጭልፋዋ ተረፈላት፤ ካልሆነም መድኃኒቱን የምትውጠው እሷ ናት። በየትኛውም መንገድ ያ ቀይ ነገር ከኔሊዳ ጋር ቤቷ ይገባል፣ ሕፃኗን ጡት እያጠባ ያድራል። አፏን ከከፈተች ግን ጭልፋው ዛሬውኑ ከእጇ ይወጣል። ሕፃኗ ዮሊ ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጇን አውጥታ የሳቱርኒናን ጣት ጨበጠች። ቄሱ "ለዚህች ልጅ ኃላፊነት ትወስጃለሽ?" ሲሏት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ "አዎ" ያለችው እሷው ናት።

ድንኳኑን ዞራ፣ ለራጅ የተሰለፉት ሴቶች ፊት ወጣች።

"ሳቱርኒና እኔ ነኝ! ያ ሳንባ የእኔ አይደለም፣ የኔሊዳ ነው!"

እትዬ ሌኦንሲያ ከሰልፉ መሃል ብቅ አሉ።

"ምን አልሽ አንቺ?"

"በእኔ ቦታ ሰው አስገብቼ ነው፣ እትዬ። ጭልፋውን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ።"

"አይ የአንቺ ነገር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? የማንን ጭልፋ ነው ማን የሚወስድብሽ? ታክመሽ ስትመጪ እዚያው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ታገኚዋለሽ። በይ ልጅቷን ስጪኝና ግቢ!"

ሳቱርኒና አፈረች። ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ማንም ሊወስድባት ባላሰበው ጭልፋ ነበር። ገብታ ደረቷን ከቀዝቃዛው ሰሌዳ አስጠጋች። ትንፋሽዎን ይያዙ ብትባል ሳሏ አላስይዝ አላት፤ በሁለተኛው ተሳካ።

ዊልመር ማያ ገጹን አዞረላት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሳንባዋ በሁለቱም ጎን ቀልቷል።

"ሁለታችሁም አክታ ትሰጣላችሁ" አለ። "ሳሉ ከጀመረዎት ቆየ?"

"ከፋሲካ ወዲህ ነው።"

ኔሊዳ ከኋላዋ ቆማለች። ዓይኗ አሁን አይስቅም።

"ፋሲካ ማለት ዮሊን ክርስትና ያነሳሽበት ነው" አለች። "ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቤቴ ነሽ።"

"ሕፃኗም መታየት አለባት" አለ ዊልመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከድንኳኑ ሲወጡ ኔሊዳ ልጇን ከእትዬ ሌኦንሲያ እጅ ተቀበለች። ብርድ ልብሱን ከላይዋ ስትገፍፍ፣ ሳቱርኒና ሳሏን ያፈነችበት ጠርዙ አሁንም እርጥብ ነበር። እርጥቡን በጣቷ ዳበሰችና ሳቱርኒናን አየቻት። ከዚያ ሹራቧን አውልቃ ልጇን ጠቀለለችባት።

"ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንወርዳለን" አለች። "ልጄን ግን እንዳትነኪያት።"

ብርድ ልብሱን ሳቱርኒና እጅ ላይ አስቀምጣላት፣ በጭጋግ ውስጥ ወደ ቤቷ የሚያወጣውን የኮረብታውን ደረጃ ወጣች።