በሞቴ የሌለበት መጽሐፍ

ቦጋለች ሽማግሌ መመገብ ታውቅበታለች። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የውጭ አገር ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን ቻይናዊ ሽማግሌ፣ ሚስተር ላምን እንድትንከባከብ ስትመደብ «እኔ እያለሁ ማንም ጦሙን አያድርም!» አለች። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ምግብ እንቢ ብለዋል። እስከ ዓርብ ካልበሉ ልጃቸው ሊን የአረጋውያን ማረፊያ ልታስገባቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከቤታቸው መውጣትን ከሞት አብልጠው ይፈራሉ።

ከእሷ በፊት ሽማግሌውን ትንከባከብ የነበረችው ውቢት መክራታለች፦ «አንዴ ኦፈር አድርጊ። ኖ ካሉ ትሬዩን አንሺ። ሩሉ ነው።»

ቦጋለች ግን ዌስተን ሰፈር ካለ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የቻይንኛ መነጋገሪያ ገዛች። በድሮ ዘመን ቻይና ሲነግድ የኖረ አውሮፓዊ ያዘጋጀው ነው። «ብሉልኝ» የሚለውን ልትፈልግ ገለጠችው። «ጫማዬን ጥረግ» ይላል። «ሩዙ ቀዝቅዟል፣ መልሰው» ይላል። «ዋጋህ ውድ ነው» ይላል። ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጠው ሰውን ብላ ብሎ የሚለምን ቃል የለበትም።

ተናደደች። «ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዘመን የሰው አገር እህል ሲበላ ኖሮ፣ ብላ ማለት ሳይማር ሄደ?» ያን ጊዜ ነገሩ በራላት። ነጋዴው ሲያዝዝ እንጂ ሲለምን አልኖረም፤ ውቢትም አንዴ ጠይቃ ታነሳለች። ጨዋ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ጥሪ እጁን ይሰዳል እንዴ? የገዛ አባቷ እንኳ ደጋግመው ካልተለመኑ አይቆርሱም ነበር።

ሐሙስ ዕለት መጽሐፉን ቤቷ ትታ ሾርባ አቀረበች። ሽማግሌው እጃቸውን አወዛወዙ።

«በሞቴ!» አለች በአማርኛ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አፈር ስሆን! እኔን ይድፋኝ!»

ትክ ብለው አይዋትና ተነሡ። ከቁም ሳጥን ሌላ ጎድጓዳ ሳህን አውጥተው ሾርባውን ለሁለት ከፈሉ፤ አንዱን ወደ እሷ ገፉት። ለካስ እንግዳ ቆሞ እያየ መብላት ነውር ሆኖባቸው ኖሯል።

«ኧረ በልቻለሁ» አለች ቦጋለች፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ።

ሽማግሌው በቋንቋቸው ለመኗት። እንቢ አለች። ደግመው ለመኗት፣ ቃሉ ባይገባትም ልመናው ገባት። አሁንም ሳህኑን መለሰችላቸው። በሦስተኛው ተቀመጠችና ማንኪያዋን አነሳች። እሷ ስትጎርስ እሳቸውም ጎረሱ።

ሊን ከሥራ ስትመጣ ሁለቱ የቀረችውን ሾርባ አንዱ ወደ ሌላው እየገፉ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«እናቴን ነበር እንደዚህ የሚለምናት» አለች፣ ዕንባዋ እየወረደ።

ከዚያ ስልኩን አንስታ ወደ ማረፊያው ደወለች። «ነገ አባቴ አይመጣም» አለች።