ሰባት መቶ ዓመት የሞላው ሰይፍ

ሐሊማ ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር ያለው ቤት ተቀጥራ ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አብራት የምትሠራው ፋጤ የምትባል የወሎ ወረባቦ ልጅ ናት፤ ወጥ ቤቱ የፋጤ፣ ጽዳቱ የሐሊማ ነው። ከፊላቸው፣ ማለትም አሠሪያቸው፣ አቡ ናይፍ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ሁለቱም “ባባ” ይሏቸዋል። ባባ ማስተማር ካቆሙ ወዲህ ከስልካቸው አይለዩም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ ያውቁታል።

በፈረንጆቹ 2015፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ረጅም ካርቶን መጣላቸው። ውስጡ ሰይፍ ነበር። ሻጩ ግብፅን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ዘመን የተሠራ፣ ሰባት መቶ ዓመት የሞላው ነው ብሎ ጽፏል። ካላመኑበት በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይችላሉ። ባባ ግን ገና ካርቶኑን ሲከፍቱ አምነው ጨርሰዋል፤ ለዓርብ ወዳጆቻቸውን ጠሩ። ከተጠሩት አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሙዚየም ውስጥ የሠራ ሰው ነው።

ጠረጴዛውን ሲያስተካክሉ ሰይፉን እንድትይዝላቸው ለሐሊማ ሰጧት። ገና ስትቀበላቸው ክንዷ ወረደ። ከበዳት፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ሰይፍ እንዲህ አይከብድም ብላ ጠረጠረች።

የሐሊማ አባት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ናቸው። እሷም ልጅ ሆና ወናፍ ስትነፋ ነው ያደገችው። ይህንን ሪያድ ውስጥ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ፋጤ አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ አገሯ ቀጥቃጮች ስታወራ፣ እነሱ ቤት እህል አይቀመስም ብላ ነበር። ያኔ ሐሊማ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ መሆናቸውን ነገረቻት።

አንድ ቀን ሙሉ ምን አገባኝ እያለች ወለል ወለወለች። ግን አምና ትርፍ አንጀቷን ስትታከም ባባ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው መዋላቸው ትዝ አላት። እኒያ ሰውዬ በወዳጆቻቸው ፊት ሲዋረዱ ማየት አልፈለገችም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ፋጤ ሻይ ይዛ እየገባች ሳለ፣ ሐሊማ ተናገረች።

“ባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ሰይፍ አዲስ ነው።”

“ማን ነገረሽ?”

“አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ብረት ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት።”

ፋጤ ሻዩን ሳትቀዳ አስቀምጣ ወጣች።

ባባ አልተቆጡም፤ ተማሪ እንደሚፈትኑ ይጠይቋት ጀመር። ሐሊማ በነጭ ጨርቅ ስትጠርገው ዝገቱ ብርቱካናማ ሆኖ ጨርቁ ላይ ቀረ። የከረመ ዝገት ጠቁሮ ብረቱን ይነክሳል እንጂ እንዲህ አይለቅም አለቻቸው። ስለቱን ከእጀታው እስከ ጫፉ በሁለት ጣት ይዛ አሳየቻቸው፤ ውፍረቱ የትም አይለወጥም። በመዶሻ የተሠራ ስለት ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ መስኮት ዳር ወስዳ፣ በማሽን ሲሞረድ የተሰመሩ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮችን አመለከተቻቸው።

ባባ ግን በቀላሉ አልተረቱም። ሰይፉ አሮጌ ሆኖ ኋላ ሰው ሞርዶት ሊሆን ይችላል አሉ።

ሐሊማ ስለቱ ላይ ወደተቀረጸው ጽሑፍ ጎንበስ አለች።

“ኋላ ቢሞረድ ኖሮ መስመሩ የፊደሎቹን ጠርዝ ይበላው ነበር። እዚህ ፊደሎቹ ናቸው መስመሩን የቆረጡት። መጀመሪያ ሞርደውታል፣ ከዚያ ጻፉበት።”

ባባ ማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው ብዙ አዩ። “ኸላስ፣ በቃ” አሉና ሳቁ። ሰይፉ በዚያው ቀን ወደ ሻጩ ተላከ። ዓርብ እንግዶቹ ሲመጡ የሚታይ ነገር ባይኖርም ባባ ሰይፉን እንዴት እንደመለሱት ተረኩላቸው። ሐሊማ ከኮሪደሩ ሆና “የቀጥቃጭ ልጅ እኮ ናት!” ሲሉ ሰማቻቸው፤ ድምፃቸው የኩራት ነበር። አባቷ እንዲህ ተደርገው ሲጠሩ ሰምታ አታውቅም።

ከፋጤ ጋር ግን ነገሩ ቀላል አልሆነም። ሐሙስ ማታ አልራበኝም አለች፤ ዓርብ ደግሞ ራሴን አሞኛል ብላ ክፍሏ ገባች። ሐሊማ ሁልጊዜ አብረው ከሚበሉበት ትልቅ ትሪ ብቻዋን በላች። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሐሊማ ምሳዋን ልትበላ ትሪው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ፣ ፋጤ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

“እኔን ያናደደኝ መዋሸትሽ ነው” አለቻት።

“እውነቱን ብነግርሽ አብረሽኝ ትበይ ነበር?”

“አልበላም ነበር” አለች ፋጤ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ትሪው አጠገብ ተቀመጠች። “አሁን ግን ርቦኛል።”

መጀመሪያ የጎረሰችው ከራሷ ጥግ ነው፤ ለሁለተኛው ግን እጇን ወደ ሐሊማ በኩል ዘረጋች። ትንሽ ቆይታ ወናፍ እንዴት እንደሚነፋ ጠየቀቻት። ሐሊማ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች አሳየቻት። ፋጤ ሳቋ አመለጣትና ሩዙ ትን አላት፤ ሐሊማ ውሃ ልታመጣላት ተነሳች።