የዝምታ ንግሥት እጆች

«እሷን እራሷን! እስፒሏ ሳይቀር!» አለች ጎረቤታቸው ዳቦ ሻጯ፣ ፍሬሙ ፊት ቆማ መሀረቧን አፏ ላይ ይዛ። «አሁን ተነስታ የምትቆጣኝ ነው የሚመስለው። እጅሽ ይባረክ ልጄ።»

ቀለሜ ከፔርሙሱ ቡና እየቀዳች ነበር። ስኒው ሞልቶ ፈሰሰ። እጇ እንዲባረክ አይደለም፣ እንዲቆረጥ ነው የፈለገችው።

የሞተችው አክስቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከካሜራ ስትሸሽ የኖረች ሴት ናት። ለመታወቂያ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነው። ስለዚህ የቀለሜ ታናሽ ወንድም፣ የአክስታቸው ቁም ሳጥን በር ውስጥ ተለጥፎ ያገኘውን፣ እህቱ በልጅነቷ የሳለችውን ሥዕል አወረደና ፍሬም ውስጥ ከተተው። ወረቀቱ ከላይ ሲረዝምበት ወደ ኋላ አጠፈው። የታጠፈው አክሊሉ ነው። ባለ ቀንድ አክሊል። ወንድሟ ጌጥ መስሎታል።

ሥዕሉ ላይ ያለችው ግን አክስቷ አይደለችም። የዝምታ ንግሥት ናት። የሕፃናትን አፍ በእሾህ የምትሰፋው፣ ቀለሜ በልጅነቷ ታነበው የነበረ ወፍራም ልቦለድ ውስጥ ያለችው ክፉ። በከንፈሮቿ መሀል የነከሰችውም እስፒል ሳይሆን እሾህ ነው።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ግን እስፒል ያያል። እስፒል አይቶ ያለቅሳል።

የባሰው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። ሐውልት ቀራጩ መጥቶ ሥዕሉን ሊወስድ ነው፣ ድንጋይ ላይ ሊቀርጸው።

ጓዳ ስትገባ ወንድሟ ስኒ ያለቀልቃል። የጥቁር ኮቱ እጅጌ ጠርዙ ተተርትሮ ክሩ ተንጠልጥሏል።

«ሌላ ልሳልላት» አለችው።

«ለምን?»

«ያ የልጅ ሥራ ነው።»

«ተይ እንጂ። ባለሙያ ሆንሽና ናቅሽው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠዋት ጠዋት ቁም ሳጥኗን ስትከፍት ቆማ ታየው ነበር እኮ። እኔ እናቴን አንድ ቀን እንኳ ስዬ አላውቅም። አንቺ ቢያንስ እሱን አድርገሽላታል።»

እናቴ ይላት ነበር አክስታቸውን። እውነተኛዋን እናታቸውን አያስታውሳትም። ቀለሜ ግን ታስታውሳለች፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

 የተረፈውን ስኒ ይዛ ወጣች።

*

ሥዕሉን የሳለች ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አክስቷ ቀን ስፌት ቤት፣ ማታ ቤቷ ውስጥ፣ ስትሰፋ ትውላለች ስትሰፋ ታመሻለች። እስፒሎቹ ከከንፈሯ አይለዩም። የምትናገረው በጥርሷ ስለሆነ ደህና አደርሽ ስትል ራሱ ቁጣ ይመስላል።

ቀለሜ መጽሐፉን ከክፍል ጓደኛዋ ተውሳ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ታነባለች። አንድ ቀን የዝምታ ንግሥት የሕፃን አፍ ልትሰፋ ስትል፣ ካውያው የሰው ልብስ ላይ እንደተቀመጠ ረሳችው። ሽታው ነው የቀሰቀሳት። የሙሽራ ሸሚዝ፣ እጅጌው ላይ የካውያ ቅርጽ።

አክስቷ አልጮኸችም። መጽሐፉን ቀምታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እናትሽም እንዲሁ ነበረች» አለች በጥርሷ። «በቁሟ የምታልም።»

የሞተችውን እናቷን! ቀለሜ በዚያው ማታ የልብስ ልክ የሚወጣበትን ቡናማ ወረቀት ዘረጋችና ንግሥቲቱን ሳለቻት። ቀንዱን፣ እሾሁን፣ የተቋጠረውን ግንባር። ፊቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም፤ እዚያው ማሽኑ ላይ አቀርቅሮ ነበር። እጆቹን ብቻ ሳታስበው ተጠነቀቀችባቸው። መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡ ረጃጅም ጣቶች። ክፉ ልታደርጋቸው ሞከረች፣ እምቢ አሏት።

በማግስቱ አክስቷ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ሥር አገኘችው። ብዙ አየችው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

ቀለሜ ዋሸች። «አዎ።»

«እስፒሌን ሳይቀር!» አለችና ሳቀች፤ እስፒሎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። «ማንም ስሎኝ አያውቅም። ይሄ ቀንድ ነገር ምንድነው?»

«አክሊል ነው።»

«አክሊል!» ጉንጯን ሳመቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ እስፒል።

*

ቀራጩ በመጣበት ጠዋት ቁልፌም መጣች። ስፌት ቤት ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትተክል ከቀለሜ አክስት ጎን ተቀምጣ ያረጀች ሴት ናት፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለም። ለለቅሶም ለሳቅም አትሰንፍም። ወንበር ሳትይዝ ቀጥ ብላ ሥዕሉ ፊት ቆመች፣ አንገቷን አዘነበለች።

«አክሊሏስ?»



«የምን አክሊል እማማ?» አለ ወንድሟ።

«አክሊሏ ነዋ! ባለ ቀንዱ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ቀለሜ ደስ ባላት። ሴትዮዋን ክንዷን ይዛ ጓዳ አስገባቻት።

«ሥዕሉን የት አዩት?»

«ስፌት ቤት አምጥታው ነዋ! ለሁላችን እያዞረች፣ ልጄ ሳለችኝ እያለች። የሙሽራ ሸሚዝ ያቃጠለውን መጽሐፍሽንም ይዛ ነበር። ይሄ ምን ቢኖረው ነው ልጅቷን ያፈዘዘብኝ ብላ በምሳ ሰዓት ታነብልን ጀመር። እንደው እኛም አበድን፣ ምሳ እየቀዘቀዘብን።» ቁልፌ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ተወችው። «ከዛ ያቺ የዝምታ ንግሥት ያለችበት ደረሰች። ቀንዱን አነበበች። በከንፈሯ እሾህ ነክሳ የሚለውን አነበበች። ቆመች።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ማን ሊጠይቃት! ሁላችንም ሥዕሉን አይተናላ። ክራችንን ስናይ፣ ስናይ... ኋላ ላይ "እጇን ግን አሳምራዋለች" አለች። መጽሐፉን ዘጋችው። ሌላ ቀን አላነበበችልንም። እኔ መጨረሻውን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።»

ቀለሜ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠች።

«ከዚያ ወዲህ እኮ ነው» አለች ቁልፌ፣ «ያቺን የእስፒል ትራስ ሰፍታ እጇ ላይ ማሰር የጀመረችው። አፏ ውስጥ እስፒል የሚባል ነገር አላስገባችም። እንዴት ሳቅንባት መሰለሽ! ትናንት ሥራ የገባች ለማጅ መሰለች። እጇም አልለመደላት፣ ስትወጋ ነው የከረመችው።»

ትራሷን ቀለሜ ታውቃታለች። ቀይ፣ ላስቲክ ያላት። አክስቷ መጽሐፉን በመለሰችላት ሰሞን እንደመጣች ግን ልብ ብላ አታውቅም። ጥርሷን አሟት ነው ብላ ነበር ያለፈችው። ስትጠይቃት እንኳ ቀና ሳትል «ይሻለኛል» ነው ያለቻት።

*

ቀራጩ በር ላይ ሜትሩን ይዞ ቆሟል። «አፏ ላይ ያለውን ነገር ልቅረጸው ወይስ ልተወው?»

ወንድሟ ወደ ቀለሜ ዞረ። ፍሬሙን ወሰደች፣ ጀርባውን ከፈተች፣ የታጠፈውን ዘረጋች። ቀንዶቹ ወጡ።

«እሷን አይደለም የሳልኩት» አለች። «ከመጽሐፍ ውስጥ ያለች ክፉ ሴት ናት። ተናድጄባት ፊቷን ሰጠኋት። ያ እስፒል አይደለም። እሾህ ነው።»

ዳቦ ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሟ ሥዕሉን አየ፣ እሷን አየ።

«ታውቅ ነበር?»

«አነበበችው።»

«አውቃም ነው የሰቀለችው?»

 ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ብቻ ይታያል።

«እኔ እኮ ሥራ አለብኝ» አለ ቀራጩ ቀስ ብሎ፣ እንደማፈር እያለ። «ምን ላድርግ?»

«እጆቿን ቅረጽ» አለች ቀለሜ። «እጆቿን ብቻ። እነሱ የሷ ናቸው።»

ቀራጩ ወንድሟን አየው። ወንድሟ ሳይዞር ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው የእጆቹን ልክ እዚያው ቆሞ ወሰደና ሄደ። ቀለሜ ወረቀቱን ከነቀንዱ ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ የድሮው ሙጫ ምልክት ላይ መልሳ ለጠፈችው።

ስትዞር ወንድሟ ኋላዋ ቆሟል።  የተተረተረ እጅጌውን ዘረጋላት።

ከማሽኑ መሳቢያ ቀይዋን ትራስ አወጣች። እስፒሎቹን ነቅላ፣ ሳታስበው፣ በከንፈሯ ነከሰቻቸው። ብረታቸው ይቀዘቅዛል። የእጅጌውን ጠርዝ አጠፈች።

አንድ ሽማግሌ ወደ ክፍሉ ብቅ አሉ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

አሜን ልትል ፈለገች፤ እስፒሎቹ ከለከሏት። ትራሷን እጇ ላይ አሰረች። እስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ እያወጣች ሰካቻቸው፤ አንዷ ወጋቻት። ሽማግሌው በትዕግሥት ጠበቋት።

«አሜን፣ አባባ» አለች።