ከሻለቃ ሽብሩ መቅደም

አንተነህ ጎበዝ የራጅ ባለሙያ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ በሚገኘው ሆስፒታል፣ ሐኪም ያለፈውን የአጥንት ስንጥቅ እሱ ያገኘዋል። ከሆስፒታሉ ወጥቶ ሱቅ ሂድ ቢሉት ግን ሱቁን አያገኘውም። እንግዲህ በፈረንጆቹ 1997 የዒድ ፈቃድ፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ በረሃ ውስጥ ሦስት ቀን ሊወዳደር የተመዘገበው ይህ ሰው ነው። ምክንያቱ፣ እንደ አብዛኛው የወንድ ልጅ እብደት፣ ሴት ናት።

ዘነበወርቅ ትባላለች፤ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። አንተነህ ዓመት ሙሉ ሲወዳት ከአፉ የወጣው ትልቁ የፍቅር ቃል "በሽተኛውን ወደ ግራ አዙሪው" የሚል ነበር። ለራሷ መንገር ነውር ስለመሰለው፣ የጨዋ ልጅ ወጉን ጠብቆ የሒሳብ ክፍሉን ነስሩን ሽማግሌ አድርጎ ወደ አጎቷ ላከ።

አጎቷ ሻለቃ ሽብሩ የቀድሞው ጦር ሲበተን ማዕረጋቸውን ብቻ ይዘው የወጡ ሰው ናቸው። አሁን በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው፣ ሕንዶቹን ሠራተኞች በየማለዳው ያሰልፋሉ ይባላል። ነስሩን በክብር ተቀብለው፣ ሻይ ጋብዘው፣ ፈረዱ።

"ልጁ ጨዋ ነው። ግን ባለፈው ምሳ ብጠራው የሳዑዲው ጎረቤቴ ቤት ገብቶ፣ በልቶ፣ አመስግኖ ሄደ። መንገድ የማያውቅ ሰው ቤት አይመራም።"

"ወላሂ ሻለቃ፣ የዚህ አገር ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።"

"ማፊ! የለም! ፈረንጆቹ ለዒድ በረሃ ውስጥ ባንዲራ የመፈለግ ውድድር አላቸው። እኔም አለሁበት። በመጨረሻው ቀን ከእኔ ቀድሞ ይግባ፤ ያኔ እሰጠዋለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።"

ውድድሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ካርታ ይሰጡሃል። በካርታው ላይ በተከበበው ቦታ ሁሉ ብርቱካንማና ነጭ ባንዲራ ተተክሏል፤ ባንዲራው ላይ መብሻ በገመድ ታስሯል። ካርድህን በመብሻው ትበሳና ወደሚቀጥለው ትሮጣለህ። ሁሉንም በስቶ ቀድሞ የተመለሰ አሸነፈ። ባንዲራውን የደበቁትም፣ የሚፈልጉትም ራሳቸው ፈረንጆቹ ናቸው፤ ሥራ የጠፋበት አገር ልጅ ይህን ሲያይ ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ቀን የውርደት ቀን ነበር። የአትላንታ ኦሎምፒክ ካለፈ ገና ዓመት አልሞላውምና እንግሊዞቹ ኢትዮጵያዊ ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ፊሽካው ሲነፋ አንተነህ ወደ ሰሜን የሄደ መስሎት ሮጠ፤ እነሱ ደግሞ እሱ ስለሮጠ ሮጡ። ቦርጩን ያየ እንኳ አልተጠራጠረም። መሐንዲሱም፣ የባንክ ሰውም፣ ሚስቶቻቸውም ተከትለውት አንድ የግመል መንጋ መሀል ገቡ። ሱዳናዊው የግመል ጠባቂ እንግዳ መጣልኝ ብሎ በደስታ ሻይ ጣደ። ከዚያ ወዲያ አንተነህን የተከተለ የለም።

በሁለተኛው ቀን ብልጠት ተማረ። ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተና የሻለቃውን ነጭ ባርኔጣ ማንበብ ጀመረ። ባርኔጣው ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ ሲቆም ይቆማል። ሻለቃው ለሽንት ከአንድ የአሸዋ ክምር ጀርባ ሲዞሩም ተከትሎ ዞረ።

"ይሄኛው እንኳ ካርታው ላይ የለም" አሉት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ከሰዓት በኋላ መነሻው አጠገብ ባለው የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳን ዘነበወርቅ ውኃ የቋጠረ ተረከዙን አጠበችለት። "ለምንድን ነው ግን እንዲህ የምትሮጠው?" አለችው። አንተነህ ይህን የመሰለ በር ተከፍቶለት፣ "ለጤና" አላት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ሆነ። የሚከተለው ባርኔጣ ገና በማለዳው ጠፋበት። ተስፋ ቆርጦ ካርታውን እንደ ራጅ ፊልም ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየው፤ አየውና ገባው። ይህ ጉብታ፣ ያ ስንጥቅ፣ እዚህ ጋ የተሰበረ። የሰው አጥንት ሲያነብ የኖረ ሰው የበረሃውን አጥንት እንዴት ሦስት ቀን ሙሉ ሳያውቀው ቆየ? ካርዱን በየባንዲራው እየበሳ፣ ከፊቱ ማንም ሳይኖር፣ አንድ አለት ሥር የተተከለው የመጨረሻው ባንዲራ ዘንድ ደረሰ። መብሻውን ጨበጠ። በሕይወቱ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም።

ያኔ ከበስተጀርባው ትንፋሽ ሰማ። ዞር ቢል ሻለቃ ሽብሩ ናቸው። እጁ መብሻውን ለቀቀ፤ ወገቡም ሳያማክረው ጎንበስ አለ።

"ይቅደሙ፣ ሻለቃ።"

ሻለቃውም ጦር ያሳደጋቸው ቢሆኑም መጀመሪያ ያሳደጋቸው ሐበሻ ነው። "ኧረ በጭራሽ! ቀድመህ ደርሰህ? ብሳ!"

"እርስዎ ቆመው? አይደረግም።"

"እኔ ልሙት፣ ብሳ!"

"እርስዎማ ከሞቱ ማን ይሰጠኛል!"

ሁለት ሐበሻ በር ላይ ከተገናኘ በሩ ሥራ ይፈታል። እዚህ ደግሞ በር እንኳ የለም፤ ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ነው። ሚስስ ፔንደል የሚባሉ ሰባ የተጠጉ እንግሊዛዊት በሁለቱ መሀል "ሶሪ" ብለው ገቡ፣ በሱ፣ ሄዱ። ግመሎቹ መሀል የገባው መሐንዲስም መጣ፣ በሳ፣ ሄደ። ሚስቱም በሳች። ሁለቱ ግን "በማርያም"፣ "በሚካኤል" እየተባባሉ ቅዱሳኑን ጨረሱ። በመጨረሻ ሁለቱን ካርዶች ደራርበው ባንድ ጊዜ በሱና ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ከሁሉ ኋላ፣ እኩል ገቡ። እንግሊዞቹ አጨበጨቡላቸው፤ ጉዳት የደረሰባቸው መስሏቸው ነው።

ሻለቃው ላባቸውን ጠረጉ። "ቀድሞኝ አልገባም" አሉ ሊያጽናና ለመጣው ነስሩ። "ግን ሚስት በእጁ ላይ ሆና እንኳ ታላቁን አልረሳም። ሰጥቼዋለሁ።"

"ማሻአላህ!" አለ ነስሩ።

አንተነህ እያነከሰ ወደ ድንኳኑ በረረ። "ዘነበወርቅ! አጎትሽ እሺ አሉ!"

"ምኑን?"

"እንድንጋባ ነዋ!"

ዘነበወርቅ ፋሻውን ቀስ ብላ ጠቀለለች። "እሺ ያሉት እሳቸው ከሆኑ፣ እሳቸውን አግባ።"



"ሦስት ቀን አሸዋውን ስታምሱ ከረማችሁ" አለች። "እኔ እዚሁ ነበርኩ። ካርታም አላስፈለገኝ፣ ባንዲራም አላስፈለገኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ የለም።" ፋሻውን አስቀምጣ ከድንኳኑ በስተኋላ ወጣችና ብቻዋን ቆመች።

አንተነህ ፊቱ በእፍረት ነደደ። እንደ ልማዱ ዞሮ ሻለቃውን አየ። ሻለቃ ሽብሩ ድንኳኑ በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ የጦር ሰው ሽንፈቱን ሲያይ ያውቃል።

"ቅደም፣ ልጄ" አሉት። "በዚህኛው እኔ የለሁበትም።"

"ኧረ እርስዎ" የምትለዋ ቃል እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች። ዋጣትና፣ ማንንም ሳያስቀድም፣ ሊጠይቃት ወጣ።