ከችካሉ ሥር ያለችው ዝንብ

በሬው የዳርጌ አልነበረም፤ ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የዲመካ ሣር ሲያልቅ፣ ሐመሩ ሶርሳ ያንን ዳለቻ በሬ ጂንካ አጠገብ ድረስ ነድቶ ለአሪው ወዳጁ ለዳርጌ አስረከበው። ልማዱ ከአባቶቻቸው የመጣ ነው፤ አንዱ ሲቸግረው ሌላው ከብቱን ይጠብቅለታል። የአደራ ከብት በጠባቂው ጥፋት ከሞተ ግን ወዳጅነቱም አብሮ ያከትማል።

ስለዚህ ዳርጌ አንድ ረፋድ ከበሬው ችካል ሥር ያየው ነገር ክው አደረገው። ረዘም ያለች ግራጫ ዝንብ ጅራቷን ፀሐይ ያሞቀው አፈር ውስጥ ሰክታ እንቁላል ትጥላለች።

«የቆላ ዝንብ!» ብሎ ጮኸ። «በሬውን በገንዲ በሽታ ልትጨርስብኝ ነው!»

ሚስቱ አየለች ከጎመኑ መደብ ቀና አለች። «አንተ ሰውዬ፣ በምን አወቅህ? መጀመሪያ ለጥላሁን አሳየው።» ጥላሁን ጂንካ ከብት የሚያክም የእንስሳት ጤና ረዳት ነው።

ዳርጌ ደግ ነው፣ ታታሪም ነው፤ ነገር ለመቁረጥ ግን የሚቀድመው የለም። ዝንቧን በባርኔጣው መትቶ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተታት። በሬውንም ፈትቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ነዳው፤ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር አሰረው። እንቁላሉ ከተጣለበት አፈር ከራቀ ምን ይነካዋል? እያፏጨ ተመለሰ።

ለጥላሁን ያሳየው ሰንብቶ፣ ለገበያ ጂንካ ሲወጣ ነው። ጥላሁን ዝንቧን መዳፉ ላይ ገልብጦ ሳቀ።

«ጋሽ ዳርጌ፣ ይቺን ነው የፈሩት? የቆላ ዝንብ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ መቀስ ትደርባለች። ይቺ ደግሞ ጢም አላት፣ ይመልከቷት! በዚያ ላይ የቆላ ዝንብ እንቁላል አትጥልም፤ ሆዷ ውስጥ አንድ ትል አሳድጋ ነው የምትወልደው። ይቺ ሌሎች ዝንቦችን እያደነች የምትበላ ናት። ከብት አትነካም።»

«እፎይ!» አለ ዳርጌ። «እኔማ ፈርቼ በሬውን ወንዝ ዳር፣ ጥላ ሥር አዛወርኩት።»

የጥላሁን ሳቅ ጠፋ። «ጥላ ሥር? የፈሯት ዝንብ እኮ የምትወልደው እዚያ ነው!»

ዳርጌ ገበያውን ጥሎ ሮጠ። በሬው ጎን ላይ ክንፋቸውን የደረቡ ዝንቦች ተለጥፈው አገኘ። በቅጠል እየመታ አባረራቸው፤ በሬውን እየነዳ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ።

ውሎ አድሮ በሬው ከሳ፣ ፀጉሩ ቆመ። ጥላሁን መጥቶ መርፌ ወጋው፣ ደገመውም። አልሆነም፤ በሬው ሞተ።

የአደራ ከብት ሲሞት ጠባቂው ቆዳውን ለባለቤቱ ያደርሳል፤ ሸጦ ወይም አርዶ እንዳልበላው ምስክሩ ያ ነው። ዳርጌም ቆዳውን ተሸክሞ ዲመካ ወረደ። በሽታ ገደለው ብሎ ቢያበቃ ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን ችካሉን፣ ዝንቧን፣ ጥላውን፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። እያፏጨ መመለሱን እንኳ አልደበቀም።

ሶርሳ ቆዳውን እየዳበሰ ሰማው። ዳርጌ ወዳጅነታችን እዚህ ላይ አበቃ ብሎ ሊሄድ ሲነሳ፣ ሶርሳ በረት ገብቶ የከሳች ጊደር እየጎተተ ወጣ፤ ገመዷንም በእጁ አስያዘው።

«ሣር የለኝም» አለ ሶርሳ። «ይቺን ጠብቅልኝ። ፀሐይ ላይ እሰራት፤ ያቺ ጢማም እንቁላሏን የጣለችበት ቦታ።»