ይርዳው የለቀቀው እጅ

ከቴፒ ማዶ ባለው ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ኸይሩ ሰጠመ። ሚስቱ ዘይቱና አስከሬኑን እንኳ አግኝታ እንድትቀብር ብሎ ጠላቂ ዋናተኛው ይርዳው ከሚዛን መጣ። የሚጠልቅበት መሣሪያ የተነፈሰውን አየር አጣርቶ መልሶ ያስተነፍሰዋል፤ የጎደለውን ኦክስጅንም በመሣሪያው ላይ ያለው ኮምፒውተር እየለካ ራሱ ይጨምርለታል።

ታች ውሃው ድፍርስ ነበር። ይርዳው በዳበሳ ሲፈልግ ቆይቶ የሰው እጅ አገኘና ያዘ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ መሥራት አቆመ። ከዚያ በኋላ ኦክስጅኑን በገዛ እጁ መጨመር ነበረበት፤ ካነሰ ራሱን ይስታል፣ ከበዛ ያንዘፈዝፈዋል። በአንድ እጁ የኦክስጅኑን ቁልፍ መጫን፣ በሌላው ደግሞ መጠባበቂያ መለኪያውን ከመነጽሩ ማስጠጋት ነበረበት፤ አለዚያ በድፍርሱ ውሃ አይታየውም። ስለዚህ የያዘውን እጅ ለቀቀው። መልሶ ቢዳብስ ያገኘው ጭቃ ብቻ ነው።

ሲወጣ ዘይቱና ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«አላገኘኸውም?»

ሊዋሽ አሰበ፤ አልሆነለትም። «እጁን ይዤው ነበር፣ እህቴ። መሣሪያው ሲበላሽብኝ ለቀቅኩት።»

«ተመልሰህ ግባ።»

«በዚህ መሣሪያ ከገባሁ አልወጣም። የሚጠግነውም ሰው እዚህ አገር የለም።»

«የትኛውን እጁን ነው የያዝከው?» አለች ዘይቱና።

«አላውቅም፤ ጨለማ ነበር።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ከጌጫ ደጋ በኩል ደመናው እየወረደ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ጎርፍ የሚያመጣው ደለል የሐይቁን ወለል እንደሚሸፍነውና ኸይሩ ከዚያ ወዲያ እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቁ ነበር።